ማሾና ሚዛን

ማሾ የሚባለው አረንጓዴ ጥራጥሬ ሲገነፍል አረፋው ምድጃው ላይ ይደርቅና እርጥብ ሣር የሚሸት ጭስ ያወጣል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ድስቱን ጥጄ ስልክ ሳነሳ ገነፈለብኝ። ሽታው ሲመታኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የደወለችልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። የጠየቀችኝም እኛ ሠራተኛ እናቶች ዘወትር የምንጠያየቀውን ነው፤ «ቶሎ የሚደርስ፣ ለልጆች የሚስማማ፣ ጤናማ የሆነ ምን ትሠሪያለሽ?»

አውቃለሁ። ብዙ አውቃለሁ። ከየት እንደተማርኩት ግን ለሰው ነግሬ አላውቅም። ለአንቺ ልንገርሽ።

ያኔ ከሚሴ ነበርን። ስምንተኛ ክፍል ስለነበርኩ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ እፈተናለሁ። አባቴ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር፤ ጠዋት ጥቁር ሆኖ ወጥቶ ምሳ ሰዓት ላይ ቅንድቡ ድረስ ነጭ ሆኖ ይገባል። እናቴ በርበሬና ቅመም ትነግድ ነበር። እሁድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ፣ ረቡዕ ጨፋ ሮቢት ትውላለች፤ በቀሩት ቀናት ደግሞ በርበሬ ስትቀነጥስና ስታሰጣ ዓይኗ ቀልቶ ይውላል። ታናሽ ወንድሜ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ጎረቤታችን ከራሷ ልጆች ጋር ትይዘዋለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከክፍል እወጣና እየሮጥኩ ልጁን ተቀብዬ ቤት እገባለሁ። አባቴ ሰባት ሰዓት ላይ ይመጣል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ለሦስታችን ምሳ መድረስ አለበት።

እኔ ደግሞ ከልጅነቴ መጠበቅ የማልችል ፍጥረት ነኝ። ሽሮው ሳይበስል አወጣለሁ፤ ድንቹ ሳይላጥ ይከተፋል። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ትተርትብኛለች፤ እኔም አፍስሼ እለቅማለሁ። ለወንድሜ የምሰጠው ግን ከሁሉም የፈጠነውን ነበር፤ ዳቦ በሻይ። ስኳሩ በዛ ያለ ሻይ ውስጥ ዳቦውን ፈርፍሬ ሳቀርብለት ያለ ጭቅጭቅ ይውጣል። ጎረቤታችንም ያንኑ ታበላዋለች። ልጁ ጠግቦ ይተኛል፣ እኔም ደብተሬን እከፍታለሁ። ማንም ክፉ ነገር የሠራ አልመሰለውም።

የሰፈራችን የጤና ባለሙያ በየወሩ ልጆችን ትመዝን ነበር፤ ወንድሜ መጀመሪያ የተመዘነው ሚያዝያ ላይ ነው። ሁላችንም ሲስተር ነበር የምንላት። ከደሴ በኩል የመጣች፣ ሳቋ ቅርብ የሆነ ወጣት ሴት ናት። ሚዛኑን ቀበሌው ግቢ ካለው ዛፍ ላይ ታንጠለጥለዋለች፤ ልጆቹ ቁምጣ በመሰለ ጨርቅ ውስጥ ገብተው እየተወዛወዙ ይጮሃሉ። ሚዛኑ ረቡዕ ላይ ይውላል፤ ረቡዕ ደግሞ እናቴ ጨፋ ሮቢት ናት። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ክፍለ ጊዜያት አስፈቅጄ ወንድሜን ያዘልኩት እኔ ነበርኩ።

መርፌው ስምንት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ላይ ቆመ። ሲስተር ክንዱን ባለ ቀለም መለኪያ ጠቀለለችውና ሳቋ ጠፋ።

«ምንድን ነው የሚበላው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ዞር አለችና ለተሰለፉት እናቶች ሁሉ በተሰባበረ ኦሮምኛዋ «ሻይ ሂን ኬኒን! ሻይ አትስጡ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ አነጋገሯን ሰምተው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የአንድ ወር አልሚ ዱቄት በከረጢት ሰጠችኝና ክብደቱን በጤና ካርዱ ላይ ጻፈች።

ካርዱን ማታ አባቴ አነበበው። ከእኔ በኋላ የተወለደች አንዲት እህት ነበረችኝ፤ በሁለት ዓመቷ ከስታ ከስታ አረፈች። ስሟ በቤታችን አይነሳም ነበር። አባቴ ካርዱን አገላብጦ ሲያየው እሷን እያየ እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የታየኝ ፊቱ መጥቆሩ ብቻ ነበር።

«እስከሚቀጥለው ሚዛን ልጁ ከጨመረ ጨመረ» አለ። «ካልጨመረ ይቺ ልጅ ትምህርቷን ትታ ቤት ትውላለች።»

«ሚኒስትሪዋስ? ሁለት ወር አይደል የቀራት?» አለች እናቴ።

«ሚኒስትሪ ለከርሞም አለ። ልጅ ግን...» ብሎ አልጨረሰውም።

እናቴ ገበያውን ትታ ቤት እንዳትውል የወፍጮ ቤቱ ደመወዝ ብቻውን አያኖረንም። ይህን ሁላችንም ስለምናውቅ ማንም አላነሳውም። ለከርሞ የሚለው ነገር ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ከእኛ ሰፈር «ለከርሞ» ተብለው ከትምህርት ቤት የቀሩ ሦስት ሴት ልጆች ነበሩ፤ ሦስቱም ተድረዋል። አባቴ ክፉ ሰው ስላልነበረ አልጠላሁትም። ፈራሁ እንጂ።

ምግብ መፈለግ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከታሪክ ደብተሬ ጀርባ ላይ በግማሽ ሰዓት የሚደርሰውን ሁሉ ጻፍኩ። ጠዋት ለብ ባለ ወተት የተፈተፈተ የማሽላ ቂጣ። በቲማቲም የተመታ እንቁላል። ማታ ተቀቅሎ ያደረ ጎመን፣ ጠዋት በዘይት ሞቅ ተደርጎ። ከገበያ የተመለሰች ፓፓያ፣ በሹካ ተደቁሳ። አልሚ ዱቄቱን ደግሞ በየቀኑ ገንፎ አድርጌ። ጎረቤታችን እንቁላሉን ስታይ ደነገጠች፤ «ልጅ እንቁላል ከበላ አፉ አይፈታም ይባላል!» አለችኝ። «ሻይስ ፈታለት እንዴ?» ብዬ መለስኩላት። አፌ እንደዛሬው ያኔም ቅርብ ነበር።

ባቄላና አተር ከግማሽ ሰዓቴ ጋር አልስማማ አሉኝ። እሳት ላይ ጥጄያቸው ትምህርት ቤት ሄጄ ብመለስ ይደርሱ ነበር፤ ግን ማን ይጠብቃቸዋል? አንድ ቀን ሲስተር ቤታችን መጥታ ጓዳው ጥግ የቆመውን ማዳበሪያ በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአባቴ ማሾ ነው። ዋጋ እስኪወጣ ነው የተቀመጠ።»

«አትበሉትም?»

«ማሾ እኮ የሚሸጥ ነው፣ ሲስተር።»

ራሷን ይዛ ሳቀች። «ምግብ ጓዳ ተቀምጦ ልጁ ይከሳል! ይሄ ሳይዘፈዘፍ በሃያ ደቂቃ የሚበስል ነው እኮ!»

በነጋታው አንድ ኩባያ ሰርቄ ቀቀልኩ። አረንጓዴው ልጣጭ ሲፈነዳና ውስጡ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ አሁንም ይታየኛል። ሽንኩርት ቁሌት አድርጌ ጨመርኩበት። ለወንድሜ ድርሻውን ደቁሼ ቅቤ ጠብ አደረግሁለት። አባቴ ገብቶ ቁጭ አለና አንድ ጉርሻ ጎረሰ።

«ምንድን ነው?»

«ማሾ ነው አባ።»

ወደ ማዳበሪያው ተመለከተ። ቢስሚላህ ብሎ ሳህኑን እስኪጠርግ በላና ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳልሰርቅ በግልጽ እወስድ ጀመር።

ችግሩ ግን ልጁ ነበር። ሻይ የለመደ አፍ ማሾ ሲያይ ይዘጋል። እለምነዋለሁ፣ እዘፍንለታለሁ፣ አንዳንዴም አለቅስበታለሁ። አምስት ማንኪያ ካስገባሁ ሦስቱን ይተፋዋል። ጀርባው ላይ ያሉትን አጥንቶች ሳጥበው በጣቴ እዳስሳለሁ፤ ሁሌም ያው ናቸው። በየቀኑ ስለማየው ይሁን ስለምፈራ አላውቅም፣ ምንም የተለወጠ አይመስለኝም። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሰሌዳ ሲጽፍ እኔ ወደ ረቡዕ የቀሩትን ቀናት እቆጥራለሁ። የግንቦት ሙቀት የቤቱን ቆርቆሮ ሲያንጣጣ፣ ዝንቡ ሲያስቸግር፣ አስር ቀን ቀረ፣ ስምንት ቀን ቀረ፣ ሦስት ቀን ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ ሒርዝ ልነግርሽ ይገባል። እኛ ጋ ሒርዝ የምንለው ክታቡን ነው፤ ሼኪው ቁርዓን ጽፎበት በቆዳ ተሰፍቶ ልጅ አንገት ወይም ወገብ ላይ የሚታሰረውን። ሲስተር አዲስ በመጣችበት ወቅት አንዲትን እናት «ሚዛን ስለሚያሳስት ይሄን አውልቂለት» ብላት ሴቶቹ በሙሉ ልጆቻቸውን አዝለው ሄደው ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ድርሽ አላሉም። ከዚያ ወዲህ ተምራለች። ልብስ ታስወልቃለች፣ ሒርዝ ግን አትነካም። ስንት ግራም ይመዝናልና!

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለአባቴ ውኃ ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ከሞተሩ ሥር በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ የተጣሉ አሮጌ የብሎን ዳዶዎች ነበሩ፤ ትልልቅ፣ ዘይት የጠጡ፣ እያንዳንዳቸው ከእንቁላል የሚከብዱ ብረቶች። አራት አንስቼ ቀሚሴ ውስጥ ደበቅሁ። ቤት ገብቼ ከአሮጌ ቦርሳ ቆዳ ቆርጬ ሁለት ሁለቱን ለየብቻ ሰፋሁና በጥቁር ክር አያይዤ በወንድሜ ወገብ ላይ፣ ከእውነተኛው ሒርዝ ጎን ለጎን አሰርኩት። ልጁ ነካ ነካ አድርጎት ሳቀ። መጫወቻ የሰጠሁት መስሎታል።

ረቡዕ ጠዋት ሰልፉ ረጅም ነበር። ሲስተር ልጁን ስትቀበለኝ ክብደቱ የገባት መስሎኝ ነፍሴ ወጣች። እሷ ግን «ማሻአላህ በሉ እስቲ!» አለች፤ እሷ ክርስቲያን ናት፣ ግን የእኛን አባባል ለምዳለች። መርፌው ዘጠኝ ኪሎ ላይ ቆመ። ክንዱን ለመለካት ብትሞክር ልጁ ተወራጭቶ አለቀሰ፤ ሰልፉን አይታ ተወችው። ወደ እናቶቹ ዞራ ክንዴን ወደ ላይ አነሳችው።

«ይቺን ልጅ እዩዋት! ትማራለች፣ ታበስላለች፣ ወንድሟን ታሳድጋለች። እናንተስ?»

ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬም ኮርቼም አላውቅም። ከዚያ ዱቄቱን የምወስድ መስሎኝ ከረጢቱን ስዘረጋ ሲስተር ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«ለእናንተ በቃ እኮ፤ እሱ ጨምሯል። የእሱ ድርሻ ላልጨመረ ልጅ ይሄዳል።»

የወንድሜ ዱቄት ከኋላዬ ለነበረችው ሴት ሲሰጥ ቆሜ አየሁ። አፌን ከፍቼ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ቤት ስደርስ ዳዶዎቹን ፈትቼ ከነቆዳው እንጨት ክምሩ ሥር ወሸቅኋቸው። ማታ አባቴ ካርዱን ሲያነብ ለረጅም ጊዜ ያላየሁትን ሳቅ ሳቀ። «አልሃምዱሊላህ» አለ። «በይ እንግዲህ ኢንተላ ኮ፣ ተማሪ።» ሲደሰት ልጄ የሚለኝ በኦሮምኛ ነው። ትምህርቴን አተረፍኩ።

ደስታው አስራ አንድ ቀን ቆየ። በአስራ ሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ወንድሜን ተቅማጥ ያዘው። ጠዋት ጀምሮት እስከ ቀትር ዓይኑ ጎደጎደ። እናቴ ባቲ ነበረች። ማሾውን አቀረብኩለት፣ አልበላም። ወተት ሰጠሁት፣ መለሰው። ገንፎ እንዳልሠራ ዱቄቱ የለም፤ ቢኖርም ይበላው እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እኔ ያሰብኩት ያንን ብቻ ነበር። ባዶውን ከረጢት እያየሁ የእህቴ ስም ትዝ አለኝ። ያኔ ሳላስበው እንጨት ክምሩን እየናድኩ ነበር። ዳዶዎቹን በአንድ እጄ፣ ልጁን በጀርባዬ ይዤ ወደ ጤና ኬላው ሮጥኩ።

«ዋሽቻለሁ ሲስተር» አልኳት ገና በሩ ላይ። «ዘጠኝ ኪሎ አልነበረም። ይሄ ነበር።»

ቆዳውን ተቀብላ በመዳፏ መዘነችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሆንልኝ ደስ ባለኝ። ከንፈሯን ነክሳ ልጁን ከጀርባዬ አወረደችና ክንዱን ጠቀለለችው። መለኪያው ቀዩ ላይ ነበር። ጥፋቱ የሁለታችንም እንደሆነ ያክል «መለካት ነበረብኝ» ብቻ አለችና ይዛን ወደ ጤና ጣቢያው ወጣች።

ልጁ አልጋ ያዘ። አመሻሹ ላይ እናቴ ከባቲ ገብታ እሱ ጋ ስትቀመጥ እኔና አባቴ ልብስ ልንወስድ ወደ ቤት ተመለስን። መግሪብ ገና አልተጠራም ነበር። መንገድ ላይ ነገርኩት። ቤት ስንገባ እጁን ዘረጋ፣ ሲስተር የመለሰችልኝን ቆዳ ሰጠሁት። ስፌቱን በምላጭ ተረተረው፤ አራቱ ዳዶዎች ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። የራሱ ወፍጮ ዳዶ መሆናቸውን ወዲያው አወቀ።

«ሒርዝ ውስጥ» አለ ቀስ ብሎ። «አስተግፊሩላህ። የቁርዓን ቦታ ላይ ብረት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ። የእናቴን የቅመም ሚዛን አወረደና ዳዶዎቹን በአንደኛው ወገን ከመረ፤ በሌላኛው ድንጋዮቹን እየጨመረና እየቀነሰ አስተካከለ። ስድስት መቶ ግራም። ካርዱን ከግድግዳው ላይ ነቅሎ አየ፣ በጣቱ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ።

«ዘጠኝ ነበር ያለው» አለ። «ስድስት መቶው ሲነሳ ስምንት ከአራት መቶ ነው።»

«አዎ አባ።»

«ሚያዝያ ላይ ስምንት ከሁለት መቶ ነበር።»

አልገባኝም። ካርዱን ወደ እኔ አዞረው።

«ጨምሮ ነበር እኮ፣ ልጄ። ያለ ብረቱም ጨምሮ ነበር።»

ያ የማሾ ወር፣ ያ ሁሉ ልመናና የተተፋ ማንኪያ ሁለት መቶ ግራም ወልዶ ነበር። ባልዋሽ ኖሮም አባቴ ባለው መሠረት ትምህርቴ ይተርፍልኝ ነበር፤ ልጁም ጥቂት ብቻ ነውና የጨመረው፣ ዱቄቱ አይቋረጥበትም ነበር። የራሴን ድካም ማመን አቅቶኝ ብረት አመንኩ። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አባቴ አጠገቤ ቁጭ አለ። እጁን ራሴ ላይ አደረገ፤ ዱቄቱ ፀጉሬ ላይ ቀረ። «አብሽሪ» አለኝ። «ያስዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ልጅን በልጅ ላይ አስፈራራሁ። ትምህርትሽን የሚነካብሽ የለም፣ ወላሂ።»

ቃሉን ጠበቀ። ወንድሜ ከሁለት ሳምንት በላይ አልጋ ላይ ቆየ። እናቴ ገበያውን ትታ ቀን ቀን አጠገቡ ዋለች፤ እኔም ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ የደቀቀ ማሾና የእንቁላል አስኳል አመጣለሁ። ተቅማጡ ቆመ፣ መብላቱ ግን አልተመለሰም። ከእናቴ እጅ አልቀበልም አለ። ከእኔ እጅ ብቻ፣ እሱንም በስንት ልመና፣ ጥቂት ይቀምሳል። ነርሱ በዚያ ሳምንት ካልበላ ደሴ መላክ እንዳለበት ነገረን። ከዚያ በፊት ደሴ የተላኩ ልጆች እንዴት እንደተመለሱ እናቴም እኔም አንስማ ብለን አልጠየቅንም።

የሚኒስትሪው ቀን እንደዚያ ሆኖ ደረሰ። አባቴ ዩኒፎርሜን ራሱ ተኩሶ፣ ሁለት እርሳስ ቀርጾ ጤና ጣቢያው ድረስ አመጣልኝ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ግቢው እርጥብ አፈር ይሸት ነበር፤ በመስኮቱ በኩል የክፍል ጓደኞቼ በጭቃው ላይ እየዘለሉ ሲያልፉ ይታያሉ። አንዷ በስሜ ጠራችኝ። ለብሼ ተነሳሁ። እናቴ ሳህኑን ተቀብላኝ ማንኪያውን ወደ ወንድሜ አፍ አስጠጋች፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደግማ ሞከረች። ጥርሱን ገጠመ።

«ሂጂ አንቺ» አለኝ አባቴ። «ይረፍድብሻል። እኛ እናበላዋለን።»

«እሺ፣ አንዲት ማንኪያ ብቻ ላጉርሰውና» አልኩ።

እርሳሶቹን አልጋው ላይ አስቀምጬ ጎኑ ተቀመጥኩ። አንዲቷን ጎረሰ። ሁለተኛዋን ጎረሰ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ መንገዱን ያያል። ደጋግሞ «ልጄ» አለ። ያስቀረኝ ሰው አልነበረም፤ ይህን በደንብ እወቂልኝ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። በጠራው የጠዋት አየር ላይ ረጅም ሆኖ ተሰማ፤ የፈተናው ክፍል በር ሲዘጋና ወረቀቱ ሲታደል ታየኝ።

ወንድሜ ባዶውን ሳህን በትንሿ ጣቱ ነካ አደረገው።

«ደበሊ» አለ፤ ጨምሪ ማለቱ ነው።

ልጨምርለት ተነሳሁ።